የአሮጌ ስፖርት አውቶሞቢል የኋላ ባሌስትራ በቤት ውስጥ ስለ ማደስ

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ቅኔ፣ ስለ ታሪክና ስለ ፍልስፍና የሚጻፈውን ማንበብ የለመደ አንባቢ፣ ስለ ብሎንና ስለ ግራሶ የሚናገር ጽሑፍ ከአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች እጅ ሲቀርብለት ሳይደነቅ አይቀርም። ይሁን እንጂ አንድን የተገጣጠመ ነገር ፈትቶ መልሶ መግጠም፣ አንድን ጽሑፍ ተንትኖ ምሥጢሩን ከማግኘት እጅግ የራቀ ሥራ አይደለም። ሁለቱም፣ እያንዳንዱ ክፍል በቦታው የገባው ስለ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅን ይፈልጋሉ። ሳይጠይቅ የፈታ ሰው ሲገጥም ይቸገራል፤ ሳይጠይቅ የገጠመ ደግሞ ሌላውን ሰው ለአደጋ ያጋልጣል።

ስለዚህ የአንዲት አሮጌ ስፖርት አውቶሞቢል የኋላ ባሌስትራ በቤት ግቢ ውስጥ እንዴት እንደሚታደስ በየተራው ለማስረዳት እንሞክራለን። ምሳሌ አድርገን የመረጥናት ኤም.ጂ.ቢ. የተባለችው የእንግሊዝ አገር መኪና ናት። ኤም.ጂ. የሚለው ስም የመጣው በኦክስፎርድ ከተማ ከነበረው ሞሪስ ጋራጅስ ከተባለው የመኪና መሸጫና መጠገኛ ድርጅት ነው። ኤም.ጂ.ቢ. በኦክስፎርድ አጠገብ በምትገኘው በአቢንግደን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ድረስ ተሠራች፤ በዚህም ጊዜ ውስጥ ከ500,000 በላይ ከፋብሪካው ወጥተዋል። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1,798 ሲ.ሲ. ነው። ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት ያለው ርቀት 91 ኢንች፣ ማለት 2 ሜትር ከ31 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በእንግሊዞች ጥብቅ አነጋገር «ቪንቴጅ» የሚባለው እስከ 1930 መጨረሻ ድረስ የተሠራ መኪና ብቻ ሲሆን፣ ኤም.ጂ.ቢ.ን «ክላሲክ» ይሏታል። እኛ በአማርኛ ሁለቱንም አሮጌ ብለን እንለፈው።

እኛ ይህን ሥራ ለመማር የቻልነው፣ በእንግሊዝ አገር የተከራየንበት ቤት ባለቤት የሆኑ አንድ አዛውንት እ.ኤ.አ. በ1971 የተሠራች ኤም.ጂ.ቢ. ስላላቸው ነው። የኋላ ባሌስትራዎቿን በአራት ቅዳሜዎች ሲያድሱ፣ በመጀመሪያ መፍቻ እያቀበልን፣ በኋላም ራሳችን እየፈታን ረዳናቸው።

ይህን ሥራ ከተራ የእሑድ ጨዋታ የሚለየው አንድ ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር መኪናዎች ኤም.ኦ.ቲ. በሚባል ዓመታዊ ምርመራ ያልፋሉ። ከሜይ 2018 ጀምሮ ግን ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያለፈና መሠረታዊ አሠራራቸው ያልተለወጠ የቤት መኪናዎች ከዚህ ግዴታ ነጻ ሆነዋል። የመጨረሻይቱ ኤም.ጂ.ቢ. የተሠራችው በ1980 ስለ ሆነ፣ ዛሬ ሁሉም ከዚህ ዕድሜ በላይ ናቸው። መኪናውን ለመንገድ ብቁ አድርጎ የመያዝ ኃላፊነት ግን ከባለቤቱ ትከሻ አልወረደም። እንግዲህ በግቢው ውስጥ ባሌስትራ የሚገጥም ሰው፣ ሠራተኛውም መርማሪውም ራሱ ነው ማለት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈውን አንባቢያችን ይህን በልቡ ይዞ እንዲያነበው እንለምናለን።

1ኛ፤ ባሌስትራ ምንድን ነው?

የአገራችን መካኒኮች ከሚናገሩባቸው ቃላት ብዙዎቹ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ክሪክ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሞላ፣ ካቻቢቴ ብንል ሁሉም ከዚያው ናቸው። ባሌስትራም እንደዚሁ ነው። በጣልያንኛ ባሌስትራ ማለት በጥንት ዘመን ወታደሮች ፍላጻ ይወረውሩበት የነበረ፣ በእንጨት ሰደፍ ላይ አግድም የተገጠመ ደጋን ነው። ስሙ ለመኪናው ብረት የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ደጋን ሲለጠጥ ኃይል ያጠራቅማል፤ ሲለቀቅም ያንኑ ኃይል ይመልሳል። የመኪናውም ባሌስትራ ጎማው ጉብታ ሲወጣ ይለጠጣል፤ ጉብታው ሲያልፍ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። እንግሊዞች ደግሞ ብረቶቹ ስስና ተደራራቢ ስለ ሆኑ «የቅጠል ሞላ» ብለው ይጠሩታል።

ብረቱ ስለ ምን ተደራራቢ ሆነ? አንባቢያችን በእጁ የያዘውን መጽሐፍ ጠርዝና ጠርዙን ይዞ ጎበጥ ቢያደርገው መልሱን ያገኛል። መጽሐፉ በቀላሉ ይጎብጣል፤ ገጾቹም በጠርዙ በኩል አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተቱ ይታያሉ። ያንኑ መጽሐፍ ገጽ ለገጽ በሙጫ ብናጣብቀው እንደ ሳንቃ ደርቆ አልጎብጥም ይላል። ብረትም እንዲሁ ነው። አንድ ዝርግ ብረት ለመጉበጥ የሚያሳየው እምቢታ በውፍረቱ ልክ ብቻ አያድግም፤ ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። ለምሳሌ ውፍረቱ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ወጥ ብረትና እያንዳንዳቸው 6 ሚሊ ሜትር የሆኑ 5 ቅጠሎች ርዝመታቸውና ስፋታቸው እኩል ቢሆን፣ ወጡ ብረት ከተደራረቡት ቅጠሎች 25 ጊዜ ይደርቃል። በድምሩ ውፍረታቸው እኩል ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ይህን ያህል የሆነው ቅጠሎቹ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚንሸራተቱ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ቅጠሎቹ በዝገት ተያይዘው መንሸራተት ቢያቅታቸው ባሌስትራው እንደ ተጣበቀው መጽሐፍ መሆኑን ነው።

የቅጠሎቹም ርዝመት እኩል አይደለም። የላይኛው ረጅም ሆኖ ሁለቱ ጫፎቹ ተጠቅልለው «ዓይን» ይሆናሉ፤ የታችኞቹ እያጠሩ ይሄዳሉ። ብረቱን የሚያጎብጠው ኃይል የሚበረታው አክስሉ በታሰረበት በመካከል ስለ ሆነ፣ ብዙ ብረት የሚያስፈልገውም በዚያው ቦታ ነው። ወደ ጫፉ የሚወስዱት ብረት ለክብደት እንጂ ለጥቅም አይሆንም።

ስለ ሞላ ጠባይ መጀመሪያ በሕግ መልክ የተናገረው ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ነው። ግኝቱን ሌላ ሰው እንዳይቀድመው በመስጋት፣ እ.ኤ.አ. በ1676 የላቲኑን ዐረፍተ ነገር ፊደላት በተራ ደርድሮ እንደ እንቆቅልሽ አሳተመው፤ ፍቺውንም በ1678 ገለጸ። ነገሩ በአጭሩ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን መለጠጡም እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ሕግ ለቤት ሠራተኛም ይጠቅማል። ቀኝና ግራ ባሌስትራ እኩል ክብደት ተሸክመው አንዱ አብልጦ ከረገበ፣ ሁለቱ እኩል አይደሉም ብሎ ለመፍረድ ያስችለዋልና።

2ኛ፤ ባሌስትራ የሚሠራቸው ሦስት ሥራዎች

ብዙ ሰው ባሌስትራ የመኪናውን ክብደት ከመሸከም በቀር ሌላ ሥራ ያለው አይመስለውም። በኤም.ጂ.ቢ. ግን፣ እንዲሁም በብዙ የጭነት መኪናዎች፣ ሥራው ሦስት ነው።

መጀመሪያ ክብደት ይሸከማል። ሁለተኛ አክስሉን በቦታው ይይዛል። በኤም.ጂ.ቢ. ከኋላ አክስሉን ከመኪናው አካል ጋር አጥብቆ የሚይዝ ሌላ ዘንግ የለም። አክስሉ ወደ ፊትም ሆነ ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኝም ሆነ ወደ ግራ እንዳይሄድ የሚከለክሉት ሁለቱ ባሌስትራዎች ብቻ ናቸው። ሦስተኛ መጠምዘዝን ይቋቋማል። ሞተሩ በካርዳን ዘንግና በዲፍሬንሻሉ በኩል ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር፣ ለማንኛውም ግፊት ተቃራኒ ግፊት አለውና፣ የአክስሉ ቤት ወደ ኋላ ለመዞር ይታገላል። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ትግሉ በተቃራኒው ነው። ይህን ሁሉ የሚችለው ባሌስትራው ነው።

ይህንን ካወቅን የተሰበረ ቅጠል ወይም የላላ ብሎን ምን እንደሚያስከትል ለመገመት አያስቸግርም። መኪናው መርገቡ ወይም መንገጫገጩ ትንሹ ጉዳት ነው። ትልቁ ጉዳት አክስሉ በአንድ በኩል ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ መኪናው ከፊት በመሪ ሲነዳ ከኋላም ባልታሰበ አቅጣጫ መነዳቱ ነው። ይህም የሚደርሰው በቆመ ጊዜ ሳይሆን፣ በመጠምዘዣ መንገድ ላይ በፍጥነት ሲሄድ ነው።

3ኛ፤ የባሌስትራው ጓደኞች

የባሌስትራው የፊት ዓይን በመኪናው አካል ላይ በአንድ ብሎን ይያዛል፤ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። የኋላው ዓይን ግን የሚወዛወዝ ማያያዣ ላይ ይንጠለጠላል። ምክንያቱም የጎበጠ ብረት ሲዘረጋ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል። ሁለቱም ጫፎች ቢቸነከሩ ኖሮ ባሌስትራው መዘርጋት ባልቻለ ነበር።

በየዓይኖቹ ውስጥ ጎሚኒ አለ። በተለይ የፊተኛው ጎሚኒ ልብ ሊባል ይገባዋል። ይህ ጎሚኒ በሁለት የብረት ቱቦዎች መካከል ያለ ላስቲክ ሲሆን፣ ከሁለቱም ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። ስለዚህ ባሌስትራው ሲንቀሳቀስ ላስቲኩ በብሎኑ ዙሪያ አይሽከረከርም፤ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ጥቂት ይጠመዘዝና ይመለሳል። ይህን ነገር አንባቢያችን እንዳይረሳው አደራ እንላለን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

አክስሉ በባሌስትራው ላይ የሚታሰረው እንደ ሀ ፊደል በታጠፉ ብሎኖች ነው። ሀ ተገልብጦ አክስሉን ከላይ ያቅፋል፤ ሁለቱ እግሮቹ በባሌስትራው ግራና ቀኝ ወርደው ከታች ባለ ዝርግ ብረት ውስጥ ያልፉና በዳዶ ይጠብቃሉ። በባሌስትራውና በብረቶቹ መካከል ከላይም ከታችም የላስቲክ ምንጣፍ ይገባል።

ከዚህም ሌላ አሞርዛቶር አለ። ባሌስትራ ብቻውን ቢተው ጉብታ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ መንጠሩን አይተውም፤ አሞርዛቶር ያንን ንጥረት ወደ ሙቀት ለውጦ ያበርደዋል። የኤም.ጂ.ቢ. አሞርዛቶር ዛሬ እንደምናየው እንደ ቱቦ የረዘመ ሳይሆን፣ በመኪናው አካል ላይ የታሰረ የብረት ሳጥንና ከሳጥኑ የወጣ ክንድ ነው። ክንዱ በአጭር ማያያዣ ከአክስሉ ሥር ካለው ዝርግ ብረት ጋር ይገናኛል። አክስሉ ሲነሣና ሲወርድ ክንዱ በሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ፒስቶኖች ይገፋል፤ ዘይቱም በጠባብ ቀዳዳ ለማለፍ ሲታገል እንቅስቃሴው ይቀዘቅዛል። በመጨረሻም አክስሉ ከልኩ በላይ ሲነሣ የሚቀበለው የላስቲክ ጉርድ፣ ከልኩ በታች እንዳይወርድም የሚይዘው ጠፍር አለ።

4ኛ፤ ከመፍታት በፊት

በመኪና ሥር ገብቶ የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብ የሚገባው ስለ ራሱ ነው። ሥራው የሚሠራው በሲሚንቶ በተለሰነ ደልዳላ መሬት ላይ ነው። የፊት ጎማዎች በፊትም በኋላም ታኮ ይደረግባቸዋል፤ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማን ስለ ሆነ ኋላው ከተነሣ በኋላ አይጠቅምምና። መኪናው በክሪክ ከተነሣ በኋላ፣ ከባሌስትራው የፊት ብሎን ጥቂት ቀደም ብሎ ባለው ጠንካራ የአካሏ ክፍል ሥር ሁለት የብረት ድጋፎች ይቆማሉ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማኖሪያ አይደለም። ሸክላና የድንጋይ ካብም በድንገት የሚፈረካከሱ ስለ ሆኑ ፈጽሞ አይታመኑም። ድጋፎቹ ከቆሙ በኋላ መኪናዋን በእጅ ወዝወዝ አድርጎ መሞከር ያስፈልጋል፤ የምትወድቅ ከሆነ ሰው ሳይገባባት ብትወድቅ ይሻላል።

ሌላ ሁለተኛ ክሪክ በዲፍሬንሻሉ ሥር ይደረጋል። ይህኛው አክስሉን ከፍና ዝቅ ለማድረግ ብቻ ነው።

ከመነሣቷ በፊት ግን አንድ የጽሕፈት ሥራ አለ። መኪናዋ በራሷ ጎማ ቆማ ሳለች፣ ከጎማው እምብርት እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ያለው ቁመት በቀኝና በግራ ተለክቶ ይጻፋል። ፎቶግራፍም በስልክ ማንሣት ይጠቅማል። የቤቱ ባለቤት አዛውንት በየቅዳሜው ደብተር ይዘው ነበር የሚመጡት፤ የትኛው ሮንዴላ ከየትኛው ዳዶ ሥር እንደ ወጣ ይጽፉ ነበር። እኛ በቤተ መጻሕፍት ስንሠራ የምንጭ ገጽ ቁጥር እንደምንጽፈው ማለት ነው።

የዛጉ ብሎኖች ሥራው ከመጀመሩ ብዙ ቀናት አስቀድሞ በብረት ብሩሽ ተጠርገው፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ደጋግሞ ይጨመርባቸዋል። የነዳጁ ታንክ ከኋላ አክስል በስተጀርባ ስላለ፣ እሳት የሚተፋ ነገር በዚያ አካባቢ መጠቀም ክልክል ነው። እንዲሁም ኤም.ጂ.ቢ. ለብቻው የተሠራ ሻንሲ የላትም፤ ላሜራው ራሱ ሻንሲ ነው። ባሌስትራው የሚታሰርበት ላሜራ በዝገት ተበልቶ እንደ ሆነ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን እያሉ መመርመር ይገባል። ካቻቢቴው ከገባ ሥራው በዚያው ይቆማል። አዲስ ባሌስትራ በበሰበሰ ላሜራ ላይ ማሰር ጥቅም የለውም፤ አስቀድሞ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ይጠራል።

5ኛ፤ አፈታቱ

ሁለቱን ባሌስትራዎች በአንድ ጊዜ ከመፍታት አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ይሻላል። ያልተፈታው ወገን አክስሉን በቦታው ይይዛል፤ ደግሞም ሠራተኛው አገጣጠሙን ቢጠራጠር ዞር ብሎ ያልተፈታውን ይመለከታል።

ጎማው ከወጣ በኋላ ተራው እንደሚከተለው ነው። በዲፍሬንሻሉ ሥር ያለው ክሪክ የአክስሉን ክብደት ይቀበላል። የአሞርዛቶሩ ማያያዣ ከታችኛው ዝርግ ብረት ይለያል። ቀጥሎ የሀ ቅርጽ ያላቸው ብሎኖች አራት ዳዶዎች ይፈታሉ። ከዚያ የኋላው የሚወዛወዝ ማያያዣ፣ በመጨረሻም የፊቱ ዓይን ብሎን ይወጣል። አክስሉ ሲወርድ ወደ እርሱ የሚሄደው የፍሬን ጎማ ቱቦና የእጅ ፍሬኑ ገመድ እንዳይወጠሩ በየጊዜው መመልከት ያስፈልጋል። አክስል በፍሬን ቱቦ ላይ ከተንጠለጠለ ቱቦው ከውጭ ደህና መስሎ በውስጡ ይጎዳል። ባሌስትራው ራሱ ከባድ ስለ ሆነ ሲወርድ ሁለት ሰው ይዞት መሆን አለበት።

አስቸጋሪው ብሎን የፊቱ ነው። ለብዙ ዓመታት በጎሚኒው የውስጥ ቱቦ ውስጥ ተቀምጦ ከቱቦው ጋር በዝገት አንድ አካል ይሆናል። ዳዶው ይፈታል፤ ብሎኑ ግን ሲዞር ላስቲኩን ብቻ ይዞ ይዞራል። በመዶሻ ደጋግሞ መምታት ብሎኑን ከማውጣት ይልቅ ብሎኑ የተያዘበትን ላሜራ ያጣምማል። በእኛ ዘንድ የቀኙ ባሌስትራ ብሎን አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቶ፣ በመጨረሻ በብረት መጋዝ ተቆርጦ ወጣ። ብሎን በጥቂት ገንዘብ ይገዛል፤ የመኪናዋ ላሜራ ግን ቢጣመም በቀላሉ አይተካም።

6ኛ፤ ምርመራ

የወጣው ባሌስትራ በብረት ብሩሽ ከተጠረገ በኋላ ቅጠል በቅጠል ይታያል። ስንጥቅ በይበልጥ የሚፈለገው በመካከል፣ ቅጠሎቹን የሚያያይዘው ብሎን በሚያልፍበት ቀዳዳ አጠገብ ነው። እንዲሁም የዓይኖቹ መልበስ፣ የመካከሉ ብሎን ራስ መበላት ይመረመራል። የቀኙና የግራው ባሌስትራ ጎን ለጎን ተጋድመው የጉብጠታቸው ልክ ይነጻጸራል።

ቅጠሎቹን ለያይቶ ማጽዳት የሚፈልግ ሰው የመካከሉን ብሎን ከመፍታቱ በፊት ባሌስትራውን በሞርሳ አጥብቆ መያዝ አለበት። ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው ተገፋፍተው የተያዙ ስለ ሆኑ በድንገት ቢለቀቁ እጅ ይሰብራሉ።

የረገበ ባሌስትራ እንደ ገና ሊጎብጥ ይችላል ወይ? ይቻላል፤ በቤት ውስጥ ግን አይደለም። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በልክ ሞቆ፣ በልክ ቀዝቅዞ፣ እንደ ገና በልክ ሞቆ ነው። ከዚያ በኋላ በእሳት ቢነካ የመለጠጥና የመመለስ ጠባዩን ያጣል። በአገራችን ቀጥቃጮች ከአሮጌ ባሌስትራ ቢላዋ ሲያወጡ፣ ካሞቁትና ከቀጠቀጡት በኋላ እንደ ገና በውኃ የሚነክሩት የጠፋውን ጥንካሬ ለመመለስ ነው። እነርሱ የሚሹት ስለት ነው፤ ለባሌስትራ የሚያስፈልገው ልክ ግን ሌላ ነው፤ እርሱም በሠለጠነ እጅና በተለካ ሙቀት ብቻ ይገኛል። ስለዚህ ስንጥቅ የተገኘበት ይጣላል፤ የረገበም ወደ ባለሙያ ይላካል ወይም በአዲስ ይለወጣል። የሚለወጠውም ሁልጊዜ ሁለቱ አንድ ላይ ነው። አንዱን ብቻ መለወጥ መኪናዋን ለዘለቄታው ማንከስ ነው።

ጎሚኒዎች፣ የላስቲክ ምንጣፎች፣ የሀ ቅርጽ ብሎኖችና ራሳቸውን የሚያጠብቁ ዳዶዎች ግን ደህና ቢመስሉም በአዲስ ይለወጣሉ። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ሥራቸው ግን ትልቅ ነው።

አሞርዛቶሩም ሳይፈተሽ አይመለስም። ሳጥኑን ቀጥ አድርጎ በሞርሳ ይዞ ክንዱን ከዳር እስከ ዳር ማንቀሳቀስ ነው። ክንዱ በሁለቱም አቅጣጫ በዝግታና በእኩል እምቢታ የሚሄድ ከሆነ ደህና ነው። በመካከል ባዶ ቦታ ያገኘ ይመስል ፈጠን ካለ፣ ዘይቱ ጎድሏል ወይም አየር ገብቶበታል። ያን ጊዜ የላይኛው መሙያ አካባቢ በሚገባ ከተጠረገ በኋላ ተከፍቶ፣ የፋብሪካው መመሪያ የሚያዘው ዓይነት ዘይት ይጨመርበታል። የፍሬን ዘይት አይደለም። ክንዱ የሚወጣበት ቦታ ዘይት የሚያፈስ ወይም የሚወላገድ ከሆነ ግን ውስጡ አልቋል ማለት ነው፤ ይህን በቤት ማደስ አይቻልም። አንዳንድ ሰዎች ይህን አሮጌ ዓይነት አውጥተው ባለ ቱቦውን ያስገባሉ። እኛ ግን ደህና የሆነው አሞርዛቶር ለዚህች መኪና የሚበቃ ስለ መሰለን፣ መኪናዋን በተሠራችበት መልክ ማቆየቱን መርጠናል።

7ኛ፤ አገጣጠሙና የመጨረሻው ማጥበቅ

መግጠም የመፍታት ግልባጭ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮች በመፍታት ጊዜ አይታዩም።

የመጀመሪያው የመካከለኛው ብሎን ራስ ነው። ይህ ራስ በተዘጋጀለት ቀዳዳ ውስጥ ልክ መቀመጥ አለበት። የላስቲክ ምንጣፉ ጥቂት ቢንሸራተትና ራሱ ከቀዳዳው ጎን ቢቀር፣ የሀ ብሎኖቹ ምንም ያህል ቢጠብቁ አክስሉ ተንጋዶ ይታሰራል። መኪናዋም እንደ ሸርጣን ወደ ጎን እየጎተተች ትሄዳለች። ዳዶዎቹም አንዱን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ወደ ሌላው በመሄድ ሳይሆን፣ በመስቀል አቅጣጫ ጥቂት በጥቂት እያፈራረቁ ይጠብቃሉ። የመጨረሻው ልክ በመመሪያው እንደ ተጻፈው፣ የማጥበቅ ኃይል በሚለካ መፍቻ ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ ዋነኛ የምንለው ነው። የባሌስትራው የፊትና የኋላ ዓይን ብሎኖች፣ አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ፈጽሞ አይጠብቁም። በዚያን ጊዜ በእጅ ብቻ ገባ ይደረጋሉ። ምክንያቱን ቀደም ብለን ተናግረናል፤ የጎሚኒው ላስቲክ ከሁለቱ ቱቦዎች ጋር የተጣበቀ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ የውስጠኛው ቱቦ ከመኪናዋ አካል ጋር አንድ ይሆናል፤ ላስቲኩም በዚያች ሰዓት ያለበትን አቀማመጥ «ማረፊያዬ ይህ ነው» ብሎ ይይዛል። አክስሉ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናዋ ወደ መሬት ስትወርድ ባሌስትራው ይዘረጋል፤ ላስቲኩም ሌሊትና ቀን ተጠምዝዞ ይኖራል። መኪናዋም ከልኳ ከፍ ብላ ትቆማለች፤ ጎሚኒውም በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። ይህን ያደረገ ሰው ከውጭ ሲታይ ሥራውን በሚገባ የፈጸመ ይመስላል። ብሎኖቹ ሁሉ ጠብቀዋል፤ ቀለሙም አዲስ ነው። የጠፋው የማጥበቂያው ሰዓት ብቻ ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። ጎማዎቹ ተመልሰው መኪናዋ ወደ መሬት ትወርዳለች። ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትገፋለች፤ ከኋላ በኩልም በእጅ ጫን ጫን እየተደረገች ወደ ማረፊያዋ እንድትገባ ይደረጋል። ከሥር ለመግባት የማይመች ከሆነ የብረት ድጋፎቹ ከአካሏ ሥር ወጥተው በአክስሉ ሥር ይቆማሉ፤ ያን ጊዜ ክብደቷን የሚሸከሙት ባሌስትራዎቹ ናቸው። ብሎኖቹ የሚጠብቁት በዚህ ሁኔታ፣ መኪናዋ በመንገድ ላይ በምትኖርበት አቀማመጥ ነው።

8ኛ፤ ከተገጠመ በኋላ

ከሥራው በፊት የተለካው ቁመት አሁን እንደ ገና ተለክቶ ከደብተሩ ጋር ይነጻጸራል። ቀኝና ግራ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አዲስ ባሌስትራ በመጀመሪያ ከፍ ብሎ፣ ጥቂት ከተነዳ በኋላ መርገቡ የተለመደ ነው። በእኛ ዘንድ ከሥራው በፊት የቀኙ ወገን ከግራው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነበር፤ በኋላ ልዩነቱ በሜትር ለይቶ ለማየት የሚያስቸግር ሆነ።

የመጀመሪያው ጉዞ አጭርና ቀስ ያለ ይሁን። መኪናዋ በቀጥተኛ መንገድ መሪዋ ሳይዘም መሄዷ፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን አለመጎተቷ፣ ነዳጅ ሲሰጥና ሲነሣ ከኋላ የሚያንኳኳ ድምፅ አለመኖሩ ይታያል። ሲመለሱ የፍሬኑ ቱቦና ገመዱ ከምንም ጋር አለመነካካታቸው ይመረመራል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላም የሀ ብሎኖቹ ዳዶዎች እንደ ገና በመፍቻ ይፈተሻሉ፤ አዲሶቹ የላስቲክ ምንጣፎች ሲጨመቁ ዳዶዎቹ ልክ ያጣሉና።

አዛውንቱ የመጨረሻውን ዳዶ ካጠበቁ በኋላ በአራተኛው ቅዳሜ ማታ ያደረጉትን ሳንጠቅስ ብናልፍ ቅር ይለናል። በመኪናዋ የመጀመሪያ ተሳፋሪ የምትሆነው የልጅ ልጃቸው ነበረች። ስለዚህ ደብተራቸውን ለእኛ ሰጥተው፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን እያንዳንዱን ብሎን በመፍቻ እየነካን እንድንፈትሽ አዘዙን። ራሳቸው የገጠሙትን ራሳቸው ቢፈትሹት ዓይናቸው ሊያልፈው የሚችል ስሕተት እንዳለ ስለሚያውቁ ነው። መርማሪ ባይኖር መርማሪ ፈጠሩ። የመንግሥት ምርመራ በቀረላት መኪና ላይ የሚሠራ ማንኛውም ሰው ይህን ልማድ ቢወስድ መልካም ይመስለናል። ሥራው ካለቀ በኋላ ያልሠራው ሰው ደብተሩን ይዞ አንድ በአንድ ይፈትሽ።

እኛም ተማሪዎች ከዚህ የምንቀስመው አለ። በትምህርት ቤት የምንፈተነው ፈታኝ ስላለ ነው፤ ማርክ የሚሰጠን ሌላ ሰው ነው። ነገ በየሥራችን ስንሰማራ ግን ከምንሠራው አብዛኛው ማንም የማይመረምረው ይሆናል። የተጻፈው መዝገብ፣ የተተረጐመው ሰነድ፣ የተሰጠው ትምህርት ጠብቆ ይሁን ላልቶ፣ በልኩ ሰዓት ይሁን ያለ ልኩ ሰዓት፣ የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው። ተሳፋሪው ግን ምንጊዜም ሌላ ሰው ነው።

ይህን ያነበበ ወንድማችን ወይም እኅታችን፣ ኤም.ጂ.ቢ. የሚባል መኪና በዓይኑ ባያይም እንኳ፣ በመንገድ ዳር ከቆመ የጭነት መኪና ኋላ ጎንበስ ብሎ ይመልከት። የተደራረቡትን ቅጠሎች፣ የፊቱንና የኋላውን ዓይን፣ የሚወዛወዘውን ማያያዣ፣ የተገለበጠውን ሀ ሁሉ ያገኛቸዋል። ልዩነቱ የመጠን ብቻ ነው። ሾፌሩንም፣ «የዓይኑን ብሎን የምታጠብቁት ተንጠልጥሎ ነው ወይስ መሬት ይዞ?» ብሎ በትሕትና ቢጠይቅ፣ ከአርት ፋኩልቲ መምጣቱን ማንም አያውቅበትም።